የባለታንኳዋን ፊት የሣለው እጅ

ለምወድህና ዛሬ በጣም ለተቆጣሁብህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስቸግርህ ጉሮሮህ እንዴት ነው? የልጆችህ እናትስ ደኅና ናት? ወገቧን ያማታል ብለኸኝ ነበር፤ ተሻላት ወይ? ትልቋ ልጅህ የፊት ጥርሷ ወጣላት? ትንሹስ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለ ያስቸግራል? አማትህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። አባባ ከጉልበቱ በቀር ምንም አይልም፣ ምግቡንም ይበላል። እኔም ደኅና ነኝ። ይህን ሁሉ ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር ሰላምታዬን አያበላሸውም። የተቆጣሁት በአንተ ላይ እንጂ በጤናህ ላይ አይደለም።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ነገር ግን አንተ በስልክ ጎበዝ ነህ። ታስቀኛለህ፣ የልጅነታችንን ታነሳብኛለህ፣ በመጨረሻ ለምን እንደደወልኩ ረስቼ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታስቀኝም። በዚያ ላይ የውሎዬን ነገር በደብተር የመያዝ ልማድ እንዳለኝ ታውቃለህ፤ ይኸው አሁንም ደብተሬ አጠገቤ ተዘርግቷል። ስለዚህ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትለኝ። የምጽፍልህ ሁሉ ቀን አለው።

መነሻውን ታውቀዋለህ፤ የረሳኸው ስለሚመስል ግን ልድገመው። ባለታንኳዋ የምትባለው ተከታታይ ትረካ በሬዲዮ ከተጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አደርገዋለሁ፤ አባባ ከሳፋዎቹ ጎን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የራሱን በርጩማ ይዞ ይመጣል፤ ሦስታችን እናዳምጣለን። ባለታንኳዋ ሰው ከወንዝ ወዲህና ወዲያ የምታሻግር ሴት ናት፣ ሌላ ሥራ የላትም። ድምጿ ሻካራ ነው፣ ስትስቅ ያስላታል። መልኳን ግን ደራሲዋ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ልብስ ሰፊው ወፍራም ናት ይላል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትቀዝፍ የምትውል ሴት በየት በኩል ትወፍራለች እላለሁ። በዚህ ስንከራከር አንድ እሑድ ነደድኩና የባልዲ ካርቶን ቀድጄ በእርሳስ ሣልኳት። ልብስ ሰፊው ሥዕሉን አየና በርጩማውን ብድግ አድርጎ ሄደ። በሳምንቱ ሲመጣ፣ እሺ አልወፈረችም፣ ነገር ግን ቀሚሷ እንዲህ ከተሰፋ ክንዷን ማንሳት አትችልም፣ ብብቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይጨመርበት አለኝ። ጨመርኩበት። እውነትም ያን ጊዜ ነው መቅዘፍ የጀመረችው።

ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። በታሪኩ ውስጥ ተሻጋሪውን ሁሉ የሚያስከፍለውን ቀረጥ ተቀባይ ሣልኩት፤ አንገቱ እንደ ማንቆርቆሪያ አንገት ረጅም ነው። በየዓመቱ ባሏን ጥላ ወዲህ ማዶ የምትሻገረውን፣ ተመልሳም የምትሄደውን ሴት ሣልኳት። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሳፋ በደርዘን እየሸጥኩ፣ በሌለች ሴት እንዲህ ልቤ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደንበኛ ሲከራከረኝ ፊቱን አያለሁ፤ ይህ ቅንድብ ለቀረጥ ተቀባዩ ይሆናል፣ ይህ አገጭ ለማን ይሆናል እያልኩ እሸጣለሁ። ሥራዬም አልተበላሸም። እንዲያውም ሰውን በደንብ ማየት ለንግድ ይጠቅማል።

ስለ ቋጠሮው ደግሞ ይኸውልህ። ባለታንኳዋ ታንኳዋን ከግንዱ ጋር የምታስርበት ቋጠሮ የአባባ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ፣ ሸክሙን በቀኝ ትከሻው ደግፎ በግራ እጁ ብቻ ያስረው የነበረው፣ በአንድ ስበት የሚፈታው ነው። እኔ ዛሬም የሳፋ ክምር የማስረው በእሱ ነው። አንተንም ሊያስተምርህ ሞክሮ ነበር፤ ገመድ እጅ ያሻክራል ብለህ ጥለህ ወጣህ። ማንም አልተቀየመህም፤ አባባ ራሱ «ግድ የለም፣ ትምህርቱን ይማር» ነበር ያለው።

አምና ስትመጣ ሥዕሎቹን አሳየሁህ። በመጀመሪያ ሳቅክ፤ አስታውሰዋለሁ። እቴ፣ እሑድን የምትገፊው በዚህ ነው እንዴ ብለህ ቀለድክብኝ። በማግስቱ ግን አንድ በአንድ ስታያቸው ዋልክና የቤቴ ግድግዳ ባዶ ነው፣ ስጪኝ አልክ። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ወንድሜ ሄደ። አሥራ አንድ ሥዕል ይዞልኝ ሄደ። ደስ አለኝ።» ይህን «ደስ አለኝ» የሚለውን ቃል ሰሞኑን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ግን የዚያን ቀን እውነት ስለነበረ ተውኩት።

አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ወደተደወለልኝ ስልክ ልምጣ። መኪና ደርሶ ባልዲ እያስወረድኩ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። አንዲት ትሑት ሴት ከሬዲዮ ጣቢያው ነው የምደውለው፣ የባለታንኳዋን ሥዕል በተመለከተ ነበር አለችኝ። እኔ ትሪ ላይ የታተመ ሥዕል መሰለኝና ባለሥዕሉ አልቋል፣ ባለአበባው ግን በብዛት አለ አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት። እኔም ግራ ገባኝ። ቆጠራውን አቁሜ ዞር ብዬ ሳነጋግራት ነገሩ ወጣ። ጣቢያው አድማጮች የባለታንኳዋን ሰዎች በየሐሳባቸው ሥለው እንዲልኩ ጠይቆ ኖሯል፤ ከተላኩት ሁሉ አንደኛ የወጣው አንተ የላክኸው ነው። በአዳራሻቸው ሊሰቅሉት መስታወት ውስጥ ሲያስገቡት ግን አልረጋ አላቸው፤ ሥዕሎቹ ከሥር ከሥራቸው በመቀስ ስለተቆረጡ ከመጠናቸው አንሰው ነበር። አንዱ ተንሸራቶ ወደቀና በጀርባው ተገለበጠ። ጀርባው ላይ የሱቄ ማኅተም አለ። አንተ ስልክ ስላላነሳህ፣ ሠዓሊው እናንተ ጋ ይሠራል ወይ ብላ ነው በማኅተሙ ቁጥር የደወለችልኝ።

የገባውን ካርቶን ሁሉ ቀን አድርጌበት ማኅተም እንደምመታበት ከልጅነትህ ጀምሮ ስታይ ነው ያደግከው። አሥራ አንድ ሥዕል ወራት ሙሉ ቤትህ አስቀምጠህ፣ አንዱን እንኳ ገልብጠህ አላየህም። ከሥር የቆረጥከውስ ምን እንደነበር ልንገርህ? በእያንዳንዱ ሥር «ከሬዲዮ እንደሰማሁት» ብዬ ስሜን ጽፌ ነበር። ሰዎቹ ከራሴ የፈጠርኳቸው ሳይሆኑ ከደራሲዋ የመጡ መሆናቸውን ያየ ሁሉ እንዲያውቅ ነበር የጻፍኩት። እኔ ከሰው የወሰድኩትን ከማን እንደወሰድኩ ጽፌ አስቀመጥኩ። አንተ ያንን ቆረጥከው።

ለጣቢያዋ ልጅ እውነቱን አልነገርኳትም። ወንድሜ ነው፣ እነግረዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። የዚያኑ ቀን ስደውልልህ የነገርከኝን ደብተሬ ይዞታል፤ ስም ተሳስተው ነው፣ እሑድ በሬዲዮ ሲያቀርቡኝ አስተካክለዋለሁ፣ አንቺ አታስቢ። አመንኩህ። ከማመንም አልፌ ለአባባ ነገርኩት፤ እሑድ ወንድሜ ስሜን በሬዲዮ ሊጠራ ነው አልኩት። አባባ ያን እሑድ ጢሙን ተላጨ። ልብስ ሰፊው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ለሬዲዮ ሸሚዝ ምን ያደርጋል ስለው፣ እኔም የብብቱ ጨርቅ ባለቤት ነኝ፣ ምናልባት ያነሡኛል አለኝ።

ከዚያ አንተ መጣህ። ድምፅህ ሲወጣ አባባ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለ። ከስንት ጊዜ ጀምረህ ትሥላለህ ሲሉህ፣ ከልጅነቴ አልክ። የሴትዮዋን ፊት ከየት አገኘኸው ሲሉህ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል አልክ። እኔ አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያልኩ የሳፋ ከንፈር ይዤ ቆሜ ነበር። ደራሲዋ ራሷ ነበረች የመጨረሻውን የጠየቀችህ። ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት፣ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ግን አይቼ አላውቅም፣ ለምን በግራ እጇ ታስራለች፣ ቋጠሮውስ ምንድን ነው አለችህ። አንተም «ትርጉም የለውም፣ ለውበት ነው» አልካት።

አባባ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ሬዲዮው ድረስ ሄዶ ዘጋው። የዕለቱ ትረካ ገና አልጀመረም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለታንኳዋ ቀረጥ ተቀባዩን ታሻግረዋለች ወይስ አታሻግረውም እያልን ስንጠብቀው የነበረ ክፍል ነበር። «ያ ልጅ ገመድ ይዞ አያውቅም» አለ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ተኛ። ልብስ ሰፊው ቤቱ ሬዲዮ አለው፤ ሄዶ ማዳመጥ ይችል ነበር። አላዳመጠም። በበርጩማው ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን እጅጌ ሲያጣጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። ባለፈው እሑድም ሬዲዮው አልተከፈተም። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ አባባ፣ ተይው አለኝ። ሦስት ዓመት አንድ እሑድ አምልጦት የማያውቅ ሰው ነው።

በዚህ መሐል የአንተ መልእክት መጣ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የምሸጥለት ደንበኛ መልሱን ሳልሰጠው ሄደ። ይቅርታ የሚል ይኖራል ብዬ ነበር። ደራሲዋ ታሪኩን በመጽሐፍ ልታወጣው ነው፣ አምስት ሥዕል ትፈልጋለች፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ሣይልኝ፤ ባለታንኳዋ ወጣት በነበረችበት ጊዜ ትሁን፣ ደግሞ ትንሽ ቆንጆ አድርጊያት፣ ካርቶን ላይ ሳይሆን ነጭ ወረቀት ላይ ይሁን፣ ማኅተም እንዳትመቺበት። ይህ ነው የጻፍክልኝ። የእናቴ ልጅ፣ እኔ እኮ ዕቃ አዝዘው ቀለም የሚመርጡ ደንበኞችን ለምጃለሁ። የሰረቀኝ ሰው ተመልሶ መጥቶ ሌላ አምስት ጨምሪልኝ ሲለኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ የደረደርካቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ላንሣቸው። አንቺ ሱቅ አለሽ፣ እኔ ምን አለኝ ብለሃል። ሱቅ ስላለኝ እጅ አያስፈልገኝም ማለት ነው? ለአንተ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ለእኔ ግን ከሳምንቱ ሰባት ቀን ውስጥ ስለ ዋጋ የማላስብበት አንድ ቀን ነው። ደግሞም አንተ የምትሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ በየቀኑ ነጭ ወረቀት እጅህ ላይ ነው። መሣል ብትፈልግ ማን ከለከለህ?

እኛ አንድ ነን፣ የአንቺ የኔ ነው ብለሃል። አንድ ከሆንን የእኔ ስም ቢጠራ ምን ይጎድልብህ ነበር?

ባለታንኳዋ የደራሲዋ ናት፣ አንቺም ከሰው ነው የወሰድሽው ያልከው ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደደኝ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። አዎ፣ የደራሲዋ ናት። ነገ ጠርታኝ ሰዎቼን መሣል አቁሚ ብትለኝ ከፍቶኝም ቢሆን አቆማለሁ። ነገር ግን ደራሲዋ ድምፅ ነው የሰጠችን። ያ ግንባር፣ ከአፏ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መስመሮች፣ ውኃ የጠጣ የሚመስለው የእጇ ቆዳ፣ እነዚያን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። በሱቄ በር ላይ ከሚያልፉ ሴቶች ለቅሜ፣ አባባን ገመድ አስይዤ እያየሁ፣ ስንት ካርቶን አበላሽቼ። ትንሽ ቆንጆ አድርጊያት ትለኛለህ። የትኛውን መስመር ላጥፋላት? ንገረኝ እስቲ፤ የትኛው መስመር የት እንዳለ እንኳ አታውቅም።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን የእኔ ስም መቅረቱ አይመስለኝም። አባባ ላይ ያደረግከው ነው። ሰውየው ዓይኑ ደክሞ ሥዕሉን አጥርቶ አያየውም። ያን ቋጠሮ ስሥል ግን ገመድ ይዞ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ እንዲህ ነው፣ አይደለም እንዲህ ነው እያለ። ሥዕሉ ውስጥ አለሁ ብሎ ያምናል። እንደዚያ ያለውን ሰው በአገር ሁሉ ፊት ትርጉም የለውም አልከው።

አሁን ያደረግኩትንና የማደርገውን ልንገርህ፤ ቁጣዬን ሳልጨርስ፣ ግን ሳልጮህ። አምስቱን ሥዕሎች ሣልኳቸው። ያዘዝከኝን አይደለም። አንተ ያሳጣኸንን ክፍል ነው የሣልኩት፤ አባባ ስለዘጋው ምን እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ይሆናል ብዬ እንዳሰብኩት አድርጌ። በእኔ ሥዕል ባለታንኳዋ ቀረጥ ተቀባዩን ታንኳዋ ላይ አሳፍራዋለች፤ ግን ወንዙ መሐል ላይ መቅዘፊያውን አስቀምጣ ታየዋለች። ልብስ ሰፊው ኮቱን አስተካከለልኝ፤ ፈርቶ የተቀመጠ ሰው ኮት ትከሻው ላይ ይቆለላል አለኝ። ካርቶን ላይ ነው፤ ማኅተሙም አለበት፤ ከሥር ስሜ አለ።

ዛሬ ጠዋት ለጣቢያዋ ልጅ ደወልኩላት። ረቡዕ የሥዕሎቹ አዳራሽ ሲከፈት ከአባቴ ጋር መጥቼ ደራሲዋን ላነጋግራት እፈልጋለሁ አልኳት። ስለምን ጉዳይ አለችኝ፤ ስመጣ እነግራችኋለሁ አልኳት። በአንተ ላይ አንድም ነገር አልተናገርኩም። ሱቁን ልብስ ሰፊው ይጠብቅልኛል፤ የስፌት መኪናውን ወደ ሱቄ በር አውጥቶ እየሰፋ። አባባን ሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አውቶብስ ላይ ትቀመጣለህ፣ ጉልበትህስ ስለው፣ እቀመጣለሁ አለ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ እልካለሁ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ሰኞ እጅህ ይገባል። እኛ ረቡዕ ጠዋት እንደርሳለን። በመካከሉ ሁለት ቀን አለህ። ሆን ብዬ ነው የተውኩልህ። ሄደህ አንተው ራስህ ለደራሲዋ ብትነግራት፣ እኔ እዚያ ስደርስ ወንድሟን ልታሳጣ የመጣች ሴት አልሆንም፤ ሥዕሌን ለማየት የመጣሁ እሆናለሁ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ አባባም ገመዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ብትነግራት ቁጣዬ ወዲያው ይጠፋል ብዬ አልዋሽህም። ግን ቤትህ ገብቼ እራት እበላለሁ። ካልነገርካት የማርፍበት ቤት አላጣም።

ለልጆችህ እናት ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ እሷ ይህን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ካላወቀች ከእኔ ሳይሆን ከአንተ ትስማ። ለወገቧ የሚሆን ዝቅ ያለ በርጩማ ይዤላት እመጣለሁ። ትልቋን ሳምልኝ፤ ለእሷ ባለክዳን ጆግ አለ። ለትንሹ፣ ጫማ ማድረግ ባይወድ አልፈርድበትም በልልኝ፣ አባባም ልጅ ሆኖ እንደዚያው ነበር። አማትህን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። አባባ ሰላምታ ላክ ስለው ገመዱን መጠቅለል ያዘ፤ ስለዚህ የእሱን አልጻፍኩም። ልብስ ሰፊው ግን ይህን እንድጽፍልህ ለምኖኛል፤ የብብቱ ጨርቅም የማን ሐሳብ እንደሆነ ንገራቸው ብሏል።

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ብትቆም አባባን ከደረጃው በክንዱ ደግፈህ ታወርደዋለህ። ባትቆምም እኔ አወርደዋለሁ፤ ወደ አዳራሹ የሚወስደውን መንገድ ጠይቄ ጽፌዋለሁ።

እህትህ

ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል
ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን